«ነገር» «ሀገር» ሲሆን

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ፣ ከፊርማውና ከማኅተሙ ዝቅ ብሎ፣ «ግልባጭ» የምትል ቃል አለች። ከሥሯ ሁለት ሦስት ክፍሎች ይደረደራሉ። ደብዳቤው የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ድረስ ወርዶ አያነብም። ነገር የተበላሸ ዕለት ግን ሁሉም የሚሮጠው ወደዚያች ጥግ ነው። ዋናው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቢጠፋ፣ ቢሰረዝ ቢደለዝ፣ ወይም «እኔ እንዲህ አላልኩም» ተብሎ ቢካድ፣ እውነቱ የሚገኘው መዝገብ ቤት ከተቀመጠችው ግልባጭ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ኮምፒውተር ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ግልባጭ አውጪ ነው። ስሟ «ቲ» ይባላል። ትንሽ ናት፤ መስኮት የላት፣ ሥዕል የላት፣ አይጥ አትነካትም። ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት በጥቁሩ ገጽ ላይ ስሟን ጽፈው ይጠሯታል። ሥራዋም አንድ ብቻ ነው። ጽሑፍ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲፈስ መሐል ላይ ትቆማለች፤ የመጣላትን እንዳለ ወደፊት ታሳልፋለች፣ እግረ መንገዷን አንድ ቅጂ ፋይል ውስጥ ታስቀራለች። በቃ።

ስሟን የወሰደችው ከቧንቧ ሠራተኞች ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚህም ሆነ ሌላ ከተማ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብቶ «ቲ ስጠኝ» ያለ ሰው ባለ ሦስት አፉን መገጣጠሚያ ይዞ ይወጣል። ውኃው በቀጥታ መንገዱን ይሄዳል፣ ጥቂቱ በጎን ይወጣል። የኮምፒውተሯ ቲም እንደዚያው ናት። ልዩነቱ የብረቷ ቲ ውኃውን ታካፍላለች፣ ይህችኛዋ ግን ታባዛለች፤ ወደፊት የሚሄደው አይቀንስም።

እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ታሪክ አላት ወይ? አላት። ታሪኳንም ስከተል አንኮበር ላይ የሚያርፍ፣ ውጫሌን የሚነካ፣ መጨረሻውም የገዛ ፊደላችን የሆነ መንገድ አገኘሁ።

የአትክልት ቱቦ

እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ቤል ላብስ በሚባለው የስልክ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ዳግላስ መኪልሮይ የሚባል የሒሳብ ሰው አንድ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አትክልት የሚያጠጣ ሰው ቱቦው ሲያጥረው ሌላ ቱቦ እንደሚቀጥልበት ሁሉ፣ ፕሮግራሞችንም አንዱን ካንዱ እየገጠሙ መቀጠል መቻል አለበት የሚል ነው። አንዱ የሚያወጣውን ሌላው ይቀበላል፣ ያ ደግሞ ሠርቶ ለሚቀጥለው ይሰጣል።

ያን ጊዜ አሠራሩ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያው ፕሮግራም ውጤቱን ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ያንን ፋይል ከፍቶ ያነብና ሌላ ፋይል ይጽፋል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። አምስት እርምጃ ያለው ሥራ አራት የመሐል ፋይል ጥሎ ያልፋል። ሥራው ካለቀ በኋላ እነዚያን መጥረግ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ማስቀመጫውም ጠባብ ነበር።

መኪልሮይ ሐሳቡን ይዞ ለዓመታት ባልደረቦቹን ወተወተ። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ከተፈጠረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ኬን ቶምሰን ነገሩን በአንድ ሌሊት ሠርቶት አደረ። በማግስቱ የቢሮው ሰዎች ትናንሽ ፕሮግራሞችን በአንድ መስመር እያያያዙ የማይታሰብ ሥራ ሲሠሩ ዋሉ። ትንሽ ቆይቶ ማያያዣ ምልክቱ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ሆነ፤ ይኸውላችሁ «|»። እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ለእኛ ሰው ስመስለው እንዲህ ነው፦ አጣሪ | መተኪያ | መደርደሪያ። ከግራ የገባ በቀኝ ይወጣል።

ታዲያ የሚገርመው የድሉና የጉዳቱ ምንጭ አንድ መሆኑ ነው። የመሐል ፋይሎቹ ሲጠፉ ጣጣቸው ጠፋ፤ ምስክርነታቸውም አብሮ ጠፋ። ድሮ ውጤቱ ሲበላሽ ሰውዬው የተረፉትን አራት ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍቶ «እዚህ ድረስ ደህና ነበር፣ እዚህ ላይ ተበላሸ» ማለት ይችል ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ቱቦ ውስጥ ነው። የሚታየው መግቢያውና መውጫው ብቻ ነው።

የደብረ ብርሃን አካባቢ አረቄ የምታወጣ እናት ይህ ችግር አይጠፋትም። ጥንስስ አለ፣ ድፍድፍ አለ፣ ተራ አረቄ አለ፣ እንደገና ሲወጣ ዳግም ይባላል። ጎበዟ ሴት ዳግሙ እስኪወጣ ጠብቃ አይደለም የምታውቀው። ጥንስሱን ታሸታለች፣ ድፍድፉን ትቀምሳለች፣ ከተራው ጠብ ሲል በጣቷ ትነካለች። መጨረሻ ላይ ብቻ የምትቀምስ ከሆነ «ተበላሽቷል» ማለት ትችል ይሆናል፤ ብቅሉ ነው ወይስ እሳቱ የሚለውን ግን ማን ይነግራታል?

ቲ የመጣችው ለዚህ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቱቦው ገና ብዙ ሳይቆይ ዩኒክስ ውስጥ ተጨመረች። የመሐል ፋይሎቹን ሁሉ ሳትመልስ፣ በፈለጉበት ቦታ ብቻ አንዱን ትመልሳለች። ቱቦው ሳይቆረጥ መሐሉን መቅመሻ ሆነች።

ከአንኮበር ቁልቁል

አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ እስከ አፋር በረሃ ሲወርድ ያያል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ደብዳቤ ወደ ውጭ ሲላክ የሚሄደው በዚያ ቁልቁለት ነበር። ከአምባው ወርዶ የአልዩ አምባን ገበያ ያልፋል፤ ከነጋዴ ቅፍለት ጋር በረሃውን ያቋርጣል፤ ታጁራ ባሕር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ኤደን፣ ቦምቤይ፣ ለንደን። ይህም ቱቦ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሰው አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ጥቅም አለ።

ካፒቴን ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ በዚያው መንገድ ከቦምቤይ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። የተፈረመው አንጎለላ ላይ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው አንጎለላ ምኒልክ ተወለዱ። እኒያ ሕፃን አድገው፣ የሸዋ ንጉሥ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ከጣሊያኑ ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር አንኮበር ላይ ሌላ ውል ተፈራረሙ። ይህም በሁለት ቋንቋ ነው። ሁለት ቋንቋ ማለት ሁለት መውጫ ማለት ነው፤ አንዱ ለእኛ መዝገብ ቤት፣ ሌላው ወደ ባሕር ማዶ።

ነገሩ የፈነዳው ውጫሌ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889፣ በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ያው አንቶኔሊ ከምኒልክ ጋር የውጫሌን ውል ፈረመ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ የጣሊያንን መንግሥት አጋዥ አድርገው መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣሊያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ቃል ገባ። አንዲት ግሥ ናት። ሮም ያንን ይዞ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር ናት ሲል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ።

ምኒልክ ይህን ያወቁት ከቱቦው መጨረሻ ነው። ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን አስታውቀው ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጽፈው ነበር። በ1890 የመጣላቸው መልስ ግን «ጉዳይዎ በጣሊያን በኩል ይምጣ» የሚል መንፈስ ያለው ነበር። እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አድርጉ። የላኩት ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ። የት ላይ ነው የተጣመመው? ጸሐፊው ጋ? አስተርጓሚው ጋ? አንቶኔሊ ጋ? ሮም ቢሮ ውስጥ? ለንደንና በርሊን ሲያነቡት?

ያን ጊዜ ያዳናቸው በእጃቸው የቀረው የአማርኛ ቅጂ ነው። ዘርግተው፣ ከጣሊያንኛው ጎን አስቀምጠው፣ 17ኛውን አንቀጽ በአንቀጽ፣ ግሡን በግሥ አስተያዩ። ለንጉሥ ኡምቤርቶም ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይስማሙ ጻፉ። በ1893 ውሉን እንደማይቀበሉ ለመንግሥታቱ አስታወቁ። የቀረውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1896 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሻረ።

ቅጂው ጦርነቱን አላሸነፈም፤ ያሸነፈው ሠራዊቱ ነው። ግን «የተዋዋልኩት ይህን ነው» ብሎ መቆም የተቻለው የመሐሉ ወረቀት ስለነበረ ነው። ባይኖር ኖሮ ክርክሩ ሁሉ በመጨረሻው ውጤት ላይ ይሆን ነበር፤ የመጨረሻው ውጤት ደግሞ የጣሊያን ነበር።

አንድ ግጥምጥሞሽ ልጨምር። መኪልሮይ የቱቦውን ማስታወሻ በጻፈበት በዚያው በ1964፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስዊድናዊ የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን ስለ 17ኛው አንቀጽ ረጅም ጥናት አሳተመ። አንቶኔሊ ልዩነቱን እያወቀ ነው ያደረገው የሚል ነው። በዓመቱ ጣሊያናዊው ካርሎ ጂሊዮ ተነሥቶ ተከራከረው። ሁለቱ ሊቃውንት የተከራከሩበት ጉዳይ በእኔ ቋንቋ ሲነገር ይህ ነው፦ ስሕተቱ በየትኛው እርምጃ ገባ? ሁለቱም ፍለጋ የገቡት ወደ ረቂቆቹና ወደ ደብዳቤዎቹ ነው፤ ማለትም ከመሐል የተረፈውን ቅጂ ፍለጋ።

ፊደል ቱቦ ውስጥ ሲገባ

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። ቱቦው ሲሠራ የታሰበው እንግሊዝኛ ነበር። የእኛ ፊደል ወደዚያ የገባው ዘግይቶና ተቸግሮ ነው። በ1980ዎቹ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ፣ ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ደከሙ። ነገር ግን እያንዳንዱ ሥራ የራሱ የቁጥር ሠንጠረዥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛና ግዕዝን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሥርዓት አወጡ፤ በየመንገዱ ያሉት ማሽኖች የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለማያበላሹ ኢሜይሉ በደህና ይደርሳል። የሥርዓቱ ስም በምሕጻር «ሴራ» ነበር። በእኛ ቋንቋ ሲሰማ ያስቃል፤ ሥራው ግን የቅን ሰው ሥራ ነበር።

ከዚያ በ1999 የዩኒኮድ 3.0 እትም የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አገኘ፣ ክርክሩ አበቃ። ግን ቁጥሩን በቱቦው ውስጥ እንዴት ማሳለፍ ይቻላል? እዚህ ላይ ያ ቱቦውን በአንድ ሌሊት የሠራው ኬን ቶምሰን ተመልሶ ይመጣል። በ1992 እሱና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት እራት ላይ ተቀምጠው፣ በጠረጴዛው ወረቀት ላይ፣ «ዩቲኤፍ 8» የምንለውን አጻጻፍ ነደፉ። የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ጥንቱ በአንድ ባይት ይጻፋል፤ የእኛዎቹ በሦስት በሦስት ባይት። «ደብረ ብርሃን» 7 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ግን 22 ባይት ሆኖ ይሄዳል።

ንድፉ ብልህ ነው። ከሦስቱ ባይቶች አንዱም እንግሊዝኛ ፊደልን ወይም የመስመር ማብቂያን አይመስልም። ስለዚህ አማርኛ መኖሩን የማያውቅ የ1970ዎቹ ፕሮግራም እንኳ አማርኛውን ሳይነካ ያሳልፈዋል። ማሳለፍ ብቻ እስከሆነ ድረስ ማለቴ ነው። ፊደሉን ልቁረጥ፣ ልለውጥ ያለ ዕለት ነገር ይመጣል። «ደብረ ብርሃን»ን 20ኛው ባይት ላይ የቆረጠ ፕሮግራም «ደብረ ብርሃ»ንና የ«ን»ን አንድ ሦስተኛ ይዞ ይቀራል። ይህ እንኳ ደግ ነው፤ የተሰበረ ፊደል በጥያቄ ምልክት ሆኖ ዓይን ይወጋል። የሚያስፈራው የማይታየው ነው።

የነጋሲ ነገር

እንጀራዬ ጽሑፍ ማጽዳት ነው። ሰዎች በኮምፒውተር የተለቀመ የአማርኛ ጽሑፍ ይሰጡኛል፤ እኔ አጥርቼ፣ አጻጻፉን አስተካክዬ፣ ደርድሬ እመልሳለሁ። ከሁሉ የሚያደክመው ሞክሼ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አንዱ «ሣህለ ሥላሴ» ይላል፣ ሌላው «ሳህለ ስላሴ»፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ ለፍለጋ ሲባል ሁሉንም ወደ አንድ የሚያመጣ ቱቦ ይሠራል፤ ዋናው አጻጻፍ ለብቻው ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ቱቦ ውስጥ ያለፈ የሸዋ ነገሥታት ዝርዝር እጄ ገባ፤ የሠራው ሌላ ሰው ነው። አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ከ«ሀይለ መለኮት» ቀጥሎ ግን «ሀጋሲ» የሚባል ሰው ተቀምጧል። ሀጋሲ ማነው? ስሙ ስም ይመስላል። ፊደሉ ንጹሕ ነው፤ የተሰበረ ነገር የለውም። የሸዋን ታሪክ የማያውቅ ሰው አንድም ነገር ሳይጠረጥር ያልፈው ነበር። ያጣሁት ደግሞ የመንዙን ነጋሲን ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረተውን።

ከዚያው ምንጭ የመጣውን ሐተታ ሳየው ባሰ። «ነገር» የሚለው ቃል በሙሉ «ሀገር» ሆኗል። «ይህ ሀገር ንጉሡን አስቆጣ» ይላል። ነገሩ ነው ወይስ አገሩ? ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይሸከማል።

ቱቦው አራት እርምጃ ነበረው። ባዶ መስመር ማጥፋት፤ «ሐ»ን ወደ «ሀ» መለወጥ፤ «ኀ»ንና «ኃ»ን ወደ «ሀ» መለወጥ፤ መደርደር። የትኛውም «ነ»ን አይነካም። «ነ»ን የሚጠራ ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች የለም። ከመጨረሻው ተነሥቶ ማሰብ የትም አላደረሰም። ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ አንዳንድ ቲ ተከልኩ፤ ሦስት ቅጂ ወጣ። የመጀመሪያው ላይ «ነጋሲ» አለ። ሁለተኛው ላይ «ኀጋሲ»! ሦስተኛው ላይ «ሀጋሲ»።

አሁን ጥያቄው ጠበበ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ፊደል የምትለውጠው «ቲአር» የምትባል የጥንት መሣሪያ ነበረች። በሊኑክስ ላይ ያለችው ይህች መሣሪያ የምታየው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «ሐ» በቁጥር 225፣ 136፣ 144 ነው። «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ነው። «ሐን ሀ አድርጊ» ሲሏት የተረዳችው «144ን ሁሉ 128 አድርጊ» የሚል ነው። «ነ» ደግሞ 225፣ 138፣ 144 ነው። 144ቱ 128 ሲሆን 225፣ 138፣ 128 ይሆናል፤ እሱም «ኀ» ነው። ሦስተኛው እርምጃ ደግሞ ያገኘውን «ኀ» በታማኝነት «ሀ» አደረገው። እያንዳንዱ የታዘዘውን ሠራ፣ ነጋሲ ግን ጠፋ።

በገዛ ኮምፒውተሬ ሌሎችንም ሞከርኩ። «ጐንደር» በ«ጐ» ሲጻፍ «ጀንደር» ይሆናል። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ዘርዐ ያዕቆብ «ዘርዀ ያዕቆብ» ይሆናሉ። እነዚህ ዓይን ይወጋሉ፤ ሰው ያርማቸዋል። «ነገር» «ሀገር» ሲሆን ግን ማን ያርመዋል? ለምኒልክም የሆነው ይኸው አልነበር? የጣሊያንኛው አንቀጽ የተሰበረ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቀበለው። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ማኅተም ያለው፣ ስሕተት የማይመስል ስሕተት መሆኑ ነው ክፉው። አንዲት ነገር አገር ልታስከፍል ነበር።

የማያነብ ጸሐፊ

ቲ ለምን ታማኝ ምስክር ሆነች ብዬ አስባለሁ። መልሱ ስለማታነብ ነው። አማርኛ አታውቅም፣ እንግሊዝኛም አታውቅም። ባይት ይመጣላታል፣ ባይት ታሳልፋለች። የድሮ ብራና ገልባጭ ስሕተት የመሰለውን ሊያቃና ይችል ነበር፤ አንዳንዴ ትክክሉን ያቃናል። አስተርጓሚም እንዲሁ ነገሩን «ግልጽ» ሊያደርግ ይጥራል። ቲ ግን ለማቃናት የሚያበቃ ዕውቀት የላትም፤ ለምስክርነት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ያም ሆኖ አተካከሏ ወግ አለው። ለሚጠቀሙባት ያህል ከልምዴ ልናገር።

መጀመሪያ፣ እርምጃው ብዙ ሲሆን ሁሉም ላይ አትትከሉ። መሐሉ ላይ አንድ ትከሉ። እዚያ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከታች ነው፤ ከተበላሸ ከላይ ነው። የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት። ስምንት እርምጃ ያለው ቱቦ በሦስት ሙከራ ይያዛል።

ሁለተኛ፣ ፋይሉ ቀድሞ ካለ ቲ ትደመስሰዋለች፤ ጨምሪ ካላሏት በቀር የትናንቱ ምስክር በዛሬው ይተካል። ለእያንዳንዱ ሙከራ የየራሱ ስም ስጡት።

ሦስተኛ፣ የስሕተት መልእክት የሚሄደው በሌላ ቱቦ ነው። ፕሮግራሙ ሲጮኽ ጩኸቱ ቅጂው ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱን ቱቦ ማጋጠም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ንጹሕ ቅጂ አይቶ «ምንም አልሆነም» የሚለው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ ቲ መጨረሻ ላይ ስትቆም ውድቀትን ትሸፍናለች። ሥርዓቱ ቱቦው ተሳካ ወይስ ከሸፈ ብሎ የሚጠይቀው የመጨረሻውን ፕሮግራም ነው፤ የመጨረሻዋ ቲ ከሆነች ደግሞ እሷ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናት። ፊተኛው ሞቶ እሷ «ተሳክቷል» ትላለች። በመሐል አንዱ ከወደቀ ሁሉም እንደወደቀ እንዲቆጠር ማዘዝ ይቻላል፤ እዘዙ።

አምስተኛ፣ ከፊቷ ያለው ፕሮግራም ውጤቱን ብዙ እስኪሆን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሊለቅ ይችላል፤ ቅጂው ባዶ ሆኖ ቢቆይ የእሷ ጥፋት አይደለም። እሷ እንዳታጠራቅም በደንብ ታዛለች። ከኋላዋ ያለው ቀድሞ ቧንቧውን ከዘጋ ግን እሷም ትቆማለች፣ ቅጂውም ጎዶሎ ይቀራል። ጎዶሎ ቅጂ ሙሉ መስሎ የተነበበ ዕለት ከሌለም የባሰ ነው።

ከእሷ በኋላ ብዙ ልጆች ተወልደዋል። የመጣውን ሁሉ መጥጣ ይዛ መጨረሻ ላይ የምትጽፍ «ስፖንጅ» የምትባል አለች። በቱቦው ምን ያህል እየፈሰሰ እንደሆነ የምታሳይ «ፒቪ» አለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ «አፕ» የምትባል መጣች፤ ግብአቱን አንዴ ይዛ፣ ትእዛዙን በለወጣችሁ ቁጥር ውጤቱን ወዲያው ታሳያለች። ሁሉም ደጎች ናቸው። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምመለሰው ወደ አሮጊቷ ነው፤ በየትኛውም ማሽን ላይ ስለማላጣት።

አሁን አሁን ጽሑፋችን ወደ ኮምፒውተር በብዛት እየገባ ነው። የሚገባው ደግሞ በቱቦ ነው፤ ፎቶ ይነሣል፣ ማሽን ያነበዋል፣ ሌላ ማሽን ያርመዋል፣ ሌላው ይተረጉመዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ «ነ»ን «ኀ» የሚያደርግ አንድ ነገር ሊኖር ይችላል። በመጨረሻ የሚወጣው ጽሑፍ ንጹሕ ነው፣ ይነበባል፣ ይጠቀሳል። ዋናው ብራና ወይም መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ ቢጠፋ የምንቀረው ከእሱ ጋር ነው። ያን ጊዜ ሀጋሲ ነው የሸዋ መሥራች ተብሎ ልጅ ቢማር በምን እንመልሰዋለን?

የማስቀመጫ ዋጋ እንደ 1973 አይደለም፤ ረክሷል። የመሐል ቅጂ መጣል ያን ጊዜ ቁጠባ ነበር፣ ዛሬ ስንፍና ነው። ነጋሲን ያገኘሁት ሁለተኛው ቅጂ ውስጥ፣ ከመሐል፣ በ«ኀ» ተሸፍኖ ነው። ሦስቱንም ፋይሎች አልጣልኳቸውም። ከተስተካከለው ዝርዝር ጋር አንድ ላይ አስሬ መልሻለሁ፤ ከግርጌው ላይም እንደ መሥሪያ ቤት ወግ «ግልባጭ፦ ለመዝገብ» ብዬ ጽፌበታለሁ።